ሙክት፣ ሰንጋ፣ ድመት

የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለማወቅ የነገሥታቱን ዜና መዋዕል ማገላበጥ አንዱ መንገድ ነው። ሌላው መንገድ ቃላቱን መቁጠር ነው። ሰው ለሚያስብለት ነገር ስም ያወጣል፤ ለማያስብለት ነገር ስም አያባክንም። እስቲ የጎጃምን ደጋ ገበሬ አንደበት እናድምጥ። ለዘር የቀረው የላም ወንድ ኮርማ ነው፤ ለቀንበር የበቃው በሬ ነው፤ ለሥጋ የደለበው ሰንጋ ነው። ያልተኮላሸው ፍየል ወጠጤ፣ ተኮላሽቶ የሰባው ሙክት ይባላል። ያልተኮላሸው ፈረስ ድንጉላ፣ የተኮላሸው ደግሞ ሰንጋ ፈረስ ነው። ይህ ሁሉ ቃል የሚናገረው አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ይውለድ፣ የትኛው አይውለድ የሚለውን ጥያቄ አባቶቻችን በሚገባ አስበውበታል።

ወደ ድመት ስንመጣ ግን ቋንቋው እጁን ያጥራል። ድመት ድመት ናት። ቢበዛ ወንዱ ድመት፣ ሴቷ ድመት እንላለን። ለተኮላሸ ድመት የሚሆን ቃል የለንም፤ ምክንያቱም የተኮላሸ ድመት ኖሮን አያውቅም። ውሻም ከዚህ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም።

ይህ የቃል ድህነት እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ታሪክ አለው። ታሪኩም የድመት ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው። በከተሞቻችን ስለ ባዘኑ ድመቶችና ውሾች በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «እንግደላቸው» እና «እንተዋቸው» በሚሉ ሁለት ወገኖች መካከል ይቀራል። ሦስተኛው መንገድ፣ ማለትም እንዳይወልዱ ማድረግ፣ ከውጭ የመጣ የፈረንጅ ቅብጠት ሆኖ ይታያል። እኔ ግን ይህ ሦስተኛው መንገድ ከማንም ቀድሞ በገበሬው ጓሮ የነበረ ጥበብ ነው እላለሁ። ችግሩ ለማን ሠራንበት፣ ለማንስ ነፈግነው የሚለው ነው።

ድንጋይና ጉጠት

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። በከተማዋ ዙሪያ ያለው አገር የእርሻ አገር ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ወደ ጮቄ ተራራ ከፍ ሲባል ደግሞ ገብስና ድንች። እርሻው በጥንድ በሬ ነው፤ ጥንድ በሬ ማለት ደግሞ የተገራ ጉልበት ማለት ነው። ኮርማ እርስ በርሱ ይዋጋል፣ ላም ባየ ቁጥር ቀንበር ይሰብራል፣ ባለቤቱንም ይወጋል። ስለዚህ ይኮላሻል። ባህላዊው ዘዴ አጭርና ጨካኝ ነው። ወይፈኑ ተጠልፎ ይወድቃል፣ እግሩ ይታሰራል፣ የቆለጡ ጅማት በእንጨትና በድንጋይ መካከል ሆኖ ይቀጠቀጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው ቁስሉን መጠበቅ ነው። በኋላ የእርሻ ሚኒስቴር ባለሙያዎች ቡርዲዞ የሚባለውን ትልቅ ጉጠት ይዘው ወደ ገጠር ወጡ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጣሊያን አገር የተፈለሰፈ መሣሪያ ሲሆን ቆዳውን ሳይቆርጥ፣ ደም ሳያፈስ ጅማቱን ብቻ ጨምቆ ያመክናል።

ገበሬው ይህን ሲያደርግ ከጉልበትና ከስብ ሌላ የሚያገኘው ነገር አለ። ዘር ይመርጣል። ደካማውንና ክፉ ጠባይ ያለውን አኮላሽቶ ሸጋውን ለአውራነት ያስቀራል። የግጦሹን ስፋት አይቶ የመንጋውን ቁጥር ይመጥናል። የዛሬ ሊቃውንት የሥነ ተዋልዶ ቁጥጥር የሚሉት ነገር ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ታዲያ ለምን ድመት ቀረች? አንድ ጊዜ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ ቀበሌ የመጡ፣ በማኮላሸት ሥራቸው የታወቁ አዛውንት ገበያ ላይ አግኝቼ ይህንኑ ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ድመት አኮላሽተው ያውቃሉ?» አልኋቸው።

መጀመሪያ የምቀልድ መሰላቸው። ቀጥለው ግን ትክ ብለው አዩኝና «ተኮላሽቶ ማን ሊበላው ነው፣ ልጄ?» አሉኝ።

ከዚህ የተሻለ መልስ ከመጽሐፍ አላገኘሁም። ለሚበላውና ለሚያርሰው ጊዜም ድካምም አለን። ለማይበላው የለንም።

ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱ በቃሉ ውስጥ ተደብቋል። «ሰለበ» የሚለው ግስ በታሪካችን የከብት ብቻ አልነበረም። በጦር ሜዳ የወደቀ ጠላት ይሰለብ ነበር፤ ጀግናውም ሰለባውን ይዞ ይፎክር ነበር። ዛሬ ሬዲዮው «የጦርነት ሰለባዎች» ሲል ቃሉ ከዚያ እንደመጣ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ነገር ግን ውርደቱ ከቃሉ ጋር አብሮ ቀርቷል። አንድ የከተማ ሰው ዘበኛ ውሻውን እንዲያኮላሽ ሲነገረው ፊቱን የሚያጨፈግገው የገንዘቡ ነገር ብቻ አሳስቦት አይደለም። የራሱ ክብር የተነካ ያህል ይሰማዋል። በሬውን ግን ሲያኮላሽ እንዲህ አይሰማውም፤ ምክንያቱም በሬ የሥራ ጉዳይ ነው።

የጎተራ ዘበኛ

ድመትና ሰው የተገናኙት በእህል ነው። በቆጵሮስ ደሴት ከሰው ጋር የተቀበረች፣ 9,500 ዓመት ያስቆጠረች ድመት አፅም መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2004 ተገልጿል። በዚያ ደሴት የዱር ድመት ስላልነበረ ሰዎቹ በጀልባ ይዘዋት ሄደዋል ማለት ነው። የቤት ድመት ዘሯ የሚመዘዘው በአፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚኖረው የዱር ድመት ነው፤ ይህ የዱር ዘመዷ በእኛም አገር ይገኛል። ሰው ማረስ ጀመረ፣ እህል አከማቸ፤ እህሉ አይጥን ጠራ፣ አይጥ ድመትን ጠራች። ሌሎቹን እንስሳት ሰው አሳዶ ይዞ አገራቸው፤ ድመት ግን በገዛ እግሯ መጣች ቢባል ከእውነት አይርቅም። ስለዚህም ይሆናል እስከ ዛሬ ግማሽ ልቧ ውጭ ነው።

በጎጃም ደጋ የድመት ሥራ የታወቀ ነው። ጎታውንና ጎተራውን ትጠብቃለች። በየደብሩ ዕቃ ቤት የሚቀመጠውን የብራና መጽሐፍም ከአይጥ የምትከላከል እሷ ናት፤ ብራና ቆዳ ነውና ለአይጥ ጥርስ ይጥማል። አይጥ በአገራችን ታሪክ ቀላል ጠላት አልነበረችም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት ደስታ በሽታ በሬውን ጨርሶ እርሻ ሲቆም፣ የቀረችውን ጥቂት አዝመራ አንበጣ፣ ተምችና አይጥ ተሻምተዋታል። ጎጃም በዚያው ሰሞን በዐፄ ዮሐንስ ዘመቻ ተመዝብራ ስለነበር መከራው ድርብ ሆነባት። እንዲህ ባለ ዘመን ድመት የቤቱ ጌጥ አልነበረችም፤ የእህሉ ዘበኛ ነበረች።

ገጠር ሳለች ቁጥሯን የሚመጥን ነገር ነበረ። አንድ ቤት ከአንድ ወይም ከሁለት ድመት በላይ አይመግብም። የቀሩትን ረኀብ፣ ውሻ፣ ጅብና ብርድ ይወስዳቸዋል። ከተማ ግን ሌላ ሒሳብ አመጣ። ደጃዝማች ተድላ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ1853 ገደማ የቆረቆሯት መንቆረር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሲታነጽባት ደብረ ማርቆስ ተባለች። ከመናገሻነት ወደ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነት ተሸጋገረች፤ ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ሥጋ ቤት፣ በኋላም ዩኒቨርሲቲ አገኘች። ሥጋ ቤት ባለበት ትራፊ አለ፤ ትራፊ ባለበት ድመት አለች። ባለቤት የሌላት ድመት ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጎተራ የላትም፣ ሥራ የላትም፤ ያላት የቆሻሻ ገንዳ ነው።

የተፈጥሮዋን ሒሳብ እንመልከት። ሴት ድመት ከተወለደች ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናዋ ሁለት ወር ጥቂት አለፍ ቢል ነው። ምግብ ካገኘች በዓመት ሁለቴና ሦስቴ ትወልዳለች፤ አንዱ ወሊድ በአማካይ አራት ግልገል ነው። በውጭ አገር የማስታወቂያ ወረቀቶች ላይ አንዲት ድመትና ልጆቿ በሰባት ዓመት 420,000 ይሆናሉ የሚል ቁጥር ሲዞር ኖሯል። ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው፤ እውነት ቢሆን ኖሮ ዓለም በድመት በተጥለቀለቀች ነበር። እውነተኛው ሒሳብ ከዚህ ያነሰ ቢሆንም ይበልጥ ያሳዝናል። በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት በባዘኑ ድመቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተወለዱት ግልገሎች 75 ከመቶው ስድስት ወር ሳይሞላቸው ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል። ቁጥሩን የሚቆጣጠረው ሞት ነው ማለት ነው። እኛ ሥራውን ባንሠራ ሞት ይሠራዋል።

ከወንዝ ማዶ

ባደግሁበት ሰፈር ድመት ስትወልድ የሚሆነው የታወቀ ነበር። ዓይናቸው እስኪገለጥ ይጠበቃል። ከዚያ ጎረቤት ይጠየቃል፤ አንዱን አይጥ ያስቸገራቸው እትዬ ይወስዳሉ። ሌላውን ልጆች ለጓደኛ ይሰጣሉ። የቀሩት በጆንያ ይገባሉ፤ ጆንያው ለአንድ ልጅ ይሰጣል፤ ልጁም ከተማውን ለቅቆ፣ ወንዝ ተሻግሮ እንዲያራግፋቸው ይላካል። ጨሞጋን ከተሻገሩ መንገዱን አያውቁትም ይባላል። ማታ ጅብ ሲጮኽ ሁሉም ሰምቶ ዝም ይላል።

ይህን የማነሣው ሰፈሬን ለመክሰስ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ጨካኞች አልነበሩም። ጨካኝ ቢሆኑ ኖሮ እዚያው ይገድሏቸው ነበር። ሰው ድመት በእጁ መግደል ይከብደዋል፤ ስለዚህ ገዳዩን ያርቀዋል። ለወንዙ፣ ለብርዱ፣ ለጅቡ ያስረክባል። «እኔ አልገደልሁም» ለማለት የሚያስችል ርቀት ይፈልጋል። ርቀቱ ግን ሞቱን አያስቀርም፤ ያዘገየዋል እንጂ። እናቲቱም ሁለት ቀን እየዞረች ትጮኻለች፤ በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ ደግሞ ዳግመኛ ታረግዛለች። ጆንያው መቼም ሥራ አይፈታም።

ፈረንጆች የባዘኑ እንስሳትን የሚሰበስብ መጠለያ አላቸው፤ በዚያ ባለቤት ያልተገኘለት እንስሳ በመርፌ ይገደል ነበር፤ ዛሬም የሚገደል አለ። በእኛ ከተሞች እንዲህ ያለ መጠለያ ብርቅ ነው። ስለዚህ ያ ሞት በእኛ ዘንድ መዝገብ የለውም፤ በየስርቻው ነው። አሜሪካ የሞተውን ትቆጥራለች፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በመጠለያዎቿ በዓመት ከ12 እስከ 20 ሚሊዮን ውሾችና ድመቶች ይገደሉ እንደነበር ይገመታል። በ2019 ቁጥሩ ወደ 920,000 ወርዷል። ብዙ ምክንያት ቢኖረውም ዋናው በርካሽ ዋጋ የማምከን አገልግሎት መስፋፋቱ መሆኑን ብዙዎች ይስማሙበታል። ያልተወለደ እንስሳ መጠለያ አይገባም።

ደመ ከልብ

የድመት ሞት ድምፅ የለውም። የውሻ ግን የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ስለኖረ ከታሪክ መዝገብ ላይ እናገኘዋለን። ምክንያቱ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በሽታው በአገራችን ከጥንት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 በትግራይ፣ በበጌምድር፣ በወሎና በጎጃም በውሾች መካከል ወረርሽኝ ሆኖ እንደነበር ተጽፏል። በ1895 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አዲስ አበባን አስጨንቋታል። የሚነከሰው ሰው ጸበል ይጠመቅ፣ የእንዶድና የሌላም ሥር እየተወቀጠ ይጠጣ ነበር። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ግን መድኃኒት የለውም፤ ያኔም አልነበረውም፣ ዛሬም የለውም።

በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ጉለሌ ላይ የፓስተር ተቋም ተመሠረተ። ተቋሙ ስሙን ብዙ ጊዜ ቀይሮ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ቢባልም ሕዝቡ እስከ አሁን ሰፈሩን «ፓስተር» ይለዋል። እዚያ ከበግ አንጎል የሚዘጋጀው ክትባት ከሁለት ሳምንት በላይ በየቀኑ ሆድ ላይ ይወጋ ነበር። የተነከሰ የጎጃም ልጅ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ያንን መርፌ ፍለጋ መሄድ ነበረበት። የመጣውም ያልመጣውም ነበር። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ መኮንን ፈቃዱ እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ያልተለመደ ጠባይ ስላለው የኢትዮጵያ ውሾች የእብደት በሽታ ጽፈዋል። የዓለም ሊቃውንት ያነሡት ሥራ ነው። ዛሬም በአገራችን በዚህ በሽታ በዓመት 2,700 ያህል ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ከመቶ 99ኙ የሰው ሕመም የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ድመትም ተነክሳ ልታስተላልፍ ትችላለች።

መንግሥት ለዚህ የሰጠው መልስ ለረጅም ዘመን አንድ ነበር፤ መርዝ። አዲስ አበባ ውስጥ ስትሪክኒን የተቀበረበት ሥጋ ሌሊት ይበተን፣ ንጋት ላይ ሬሳ በመኪና ይለቀም ነበር። ሌሎች ከተሞችም ይህንኑ ተከተሉ። ቋንቋችን ለዚህም ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስላል። ተበቃይ የሌለው፣ ጠያቂ የሌለው ሞት «ደመ ከልብ» ይባላል፤ የውሻ ደም ማለት ነው።

መርዙ ግን ያሰበውን አላደረገም። ዕብዱን ከጤነኛው፣ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም። ሬሳውን የሚበላ ጥንብ አንሣ አብሮ ይሞታል፤ ትራፊውን የምትቀምስ ድመትም እንደዚሁ። የሞቱት ውሾች የለቀቁትን ቦታና ምግብ ከጎረቤት ሰፈር የመጡና አዲስ የተወለዱ ይይዙታል። እነዚህ ደግሞ ያልተከተቡ ወጣቶች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ የሚናገረው ይህንን ነው፤ በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ሲከተቡ በሽታው ይቆማል፤ መግደል ብቻውን ግን በሽታውን አቁሞ አያውቅም። የእኛ ተረት ይህን በአጭሩ ብሎታል፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

የጎጃም ሰው በዚህ ነገር ሌላም የሚያስታውሰው አለ። በጮቄ ተራራ አናት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር በሚደርሰው ውርጭ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ይኖር ነበር። ከአሥርተ ዓመታት ወዲህ በዚያ አልታየም። እርሻው ሽቅብ ሲወጣ እሱ የሚሸሽበት አጣ። በቀሩበት በባሌ ተራሮች ደግሞ ከእረኛ ውሾች የተዛመተው የእብደት በሽታ እ.ኤ.አ. በ1991ና በ1992፣ ቀጥሎም በ2003 አጨዳቸው፤ ከውሾች ጋር መዳቀላቸውም ዘራቸውን አሳሰበ። በዚያ የተሠራው ሥራ ውሾቹን መፍጀት አልነበረም፤ የእረኛው ውሾች ተከተቡ፣ ውሾችንና ዲቃላዎችን የማምከን ሥራም ተሠራ። በዓለም የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም። ስለ አንድ የማይረባ ውሻ መውለድና አለመውለድ የሚነሣው ነገር እስከዚህ ድረስ ይሄዳል።

ከኢስታንቡል እስከ ማድራስ

ሌሎችም አገሮች በዚህ መንገድ አልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ1910 የኢስታንቡል መስተዳድር ከተማዋን ዘመናዊ አደርጋለሁ ብሎ በመንገድ የሚኖሩ ውሾችን ሰብስቦ ሲቭሪአዳ በምትባል ውኃ በሌላት ደሴት ጣላቸው። ቁጥራቸው 80,000 ገደማ እንደነበር ይነገራል። የረኀባቸው ጩኸት ባሕሩን ተሻግሮ ይሰማ ነበር። ጨሞጋ ማዶ የሚራገፈው ጆንያ በመንግሥት ደረጃ ሲሆን እንዲህ ይመስላል። ከዚያስ? ኢስታንቡል ዳግመኛ ውሻ ሞላባት። ከመቶ ዓመት በኋላም ስለዚሁ ነገር ሕግ እያወጣች ትከራከራለች።

በደቡብ ህንድ የምትገኘው ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ውሻ ስትገድል ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1964 በዚያች ከተማ ብሉ ክሮስ የሚባለው የእንስሳት ማኅበር ሌላ ሐሳብ አቀረበ። ከመሥራቾቹ አንዱ ቺኒ ክሪሽና መሐንዲስ ነበሩና ነገሩን በመሐንዲስ ዓይን ተመለከቱት። የሚገደለው ውሻ ቁጥር በየዓመቱ ከጨመረ ዘዴው አይሠራም ማለት ነው አሉ። ውሻውን ያዙት፣ አምክኑት፣ ክተቡት፣ ወደ ነበረበት መልሱት። ማዘጋጃ ቤቱ ይህን ለመቀበል እስከ 1996 ድረስ ጊዜ ፈጀ። ከ32 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በ2001 ደግሞ ሐሳቡ የህንድ አገር ደንብ ሆነ። ህንድ ዛሬም ችግሩን አልጨረሰችም፤ ሥራው በተቋረጠበት ከተማ ሁሉ ውሻው ተመልሷል። ትምህርቱም እዚህ ላይ ነው፤ ማምከን አንድ ሰሞን ዘመቻ ተደርጎበት የሚተው ሥራ አይደለም።

ለድመትም በእንግሊዝና በዴንማርክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይኸው መንገድ ተሞክሯል። ድመቷ በወጥመድ ሣጥን ትያዛለች፤ በሐኪም ትመክናለች፤ ዳግመኛ እንዳትያዝ የጆሮዋ ጫፍ በጥቂቱ ይቆረጣል፤ ወደ ሰፈሯ ትመለሳለች። የወንዱ ሥራ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የሴቷ ግን በማደንዘዣ ሆድ የሚከፈትበት ቀዶ ሕክምና ነው፤ እንደ በሬው በድንጋይና በእንጨት አይሆንም። በአንድ ሰፈር ካሉት ጥቂቶቹ ብቻ ቢሠሩ የቀሩት ቦታውን ይሞሉታል፤ አብዛኞቹ ከተሠሩ ግን ቁጥሩ በዓመታት ውስጥ ይወርዳል። የመከነች ድመት ሰነፍ ትሆናለች የሚለው የብዙ ሰው ሥጋትም መሠረት የለውም። አይጥ ማደን ከማሕፀን የሚመጣ ጠባይ አይደለም። «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ያሉት አባቶች ይህን ያውቁ ነበር።

ለከብት ሲሆን

እዚህ ላይ «ሰው ሳይታከም ድመት?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በታሪካችን ውስጥ አለ። ክፉ ቀንን ያመጣው የከብት ደስታ እ.ኤ.አ. በ1887 በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር ገባ። አገሪቱ ያንን በሽታ ለማጥፋት ከመቶ ዓመት በላይ ታገለች። ቢሾፍቱ ላይ የክትባት ማምረቻ ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ ተከፈተ፤ ከታቢዎች በእግርና በበቅሎ ቆላ ወርደው ደጋ ወጡ። በ2008 ኢትዮጵያ ከበሽታው ነጻ መሆኗ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ታወቀላት፤ በ2011 ዓለም በሙሉ ነጻ ወጣ። ድሃ የምንባለው እኛ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት ቆጥረን፣ አሳደን፣ ከትበን ጨርሰነዋል። ስለዚህ አቅም የለንም የሚለው አይበቃም። ለከብት ሲሆን ችለናል።

የውሻና የድመቱም ሥራ ጨርሶ ያልተጀመረ አይደለም። ከ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በአዲስ አበባ ከመርዝ ይልቅ ማምከንና መከተብ ይበጃል የሚሉ አገር በቀል ማኅበራት ተነሥተዋል፤ በጎንደር አካባቢም ዩኒቨርሲቲው ከአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በእብድ ውሻ በሽታ ላይ ሠርቷል። የእንስሳት ሐኪም ዛሬ እንደ ድሮው ከቢሾፍቱ ብቻ አይወጣም። ጎንደርና ባሕር ዳር ያስመርቃሉ። የእነዚህ ተማሪዎች እጅ ቀዶ ሕክምና የሚለምደው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ለምን በየሰፈሩ በሚዞሩት ሴት ድመቶች ላይ አይሆንም? ተማሪው ሙያውን ይማራል፤ ሰፈሩ ከጆንያ ይገላገላል፤ ድመቷም በአይጥ አደኗ ትቀጥላለች። ወጪው ማደንዘዣው፣ ክሩና የአንድ ሐኪም ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ ክትባትም በዚያው ሰዓት ይወጋል፤ እንስሳው አንዴ ከተያዘ ሁለቱን ሥራ በአንድ እጅ መሥራት ነው።

በሴቶቹ መጀመር ይሻላል። አንድ ወንድ ብቻ ቢቀር ብዙ ሴቶችን ያስረግዛል፤ እያንዳንዷ የመከነች ሴት ግን የራሷን ወሊድ ታስቀራለች። ይህን ለጎጃም ገበሬ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አንድ አውራ ለስንት ላም እንደሚበቃ ያውቃል። የቸገረው ለማይበላ እንስሳ ብሎ ማሰቡ ነው። እኛ የከተማ ሰዎች ግን ያ ሰበብ የለንም። ድመቷን ወደ ከተማ ያመጣናት፣ በትራፊያችን ያበዛናት፣ በጆንያችን የምንጥላት እኛው ነን።

ቃላት ከሥራ በኋላ ይመጣሉ። ሙክት የሚለው ቃል መጀመሪያ አንድ ሰው ፍየሉን አኮላሽቶ ካሰባ በኋላ የተወለደ መሆን አለበት። ለመከነች ድመት የሚሆን ቃልም ከመዝገበ ቃላት አዘጋጆች አይጠበቅም። በደብረ ማርቆስ ይሁን በሌላ ከተማ፣ ጆሮዋ ጫፉ ላይ የተቆረጠ ድመት በሥጋ ቤት ደጃፍ ደጋግማ ስትታይ ልጆች አንድ ስም ያወጡላታል።